ሁለት መቶ አንድ

ሐወሊ፣ የቫርጌስ ሱቅ፣ ከኋላ ያለችው ጓዳ፤
ማቀዝቀዣው ያንጠባጥባል፣ የቀለም ቆርቆሮ ሆኖት ገንዳ።
ከቪዲዮ ማጫወቻ ሬሳ፣ ከስልክ አጥንት ስር፣
ስጠርግ አገኘሁት፤ ስሙ ሳኽር።
ድንጋይ ማለት ነው፣ በአገሬው አፍ፤
ቁልፎቹ የአጫሽ ጥርስ፣ አንዱ ወልቋል ከጫፍ።
«ውሰጂው» አለኝ ቫርጌስ፣ «ሰብሳቢ እስኪመጣ፤
ነፍስ አለው፣ ገዢ ነው ያጣ።»

አርብ አርብ፣ አርባ አንድ ሴት፣ እቁብ እንጥላለን፤
በሻይ ብርጭቆ ወረቀት እናራግፋለን።
አንድ ቀን ሁለት ስም ተጣብቆ ወጣ፤
ከስሙ ቀድሞ ጠብ መጣ።
ያኔ ዳኛችን፣ ሰዓዳ ይማም፣ ወደ እኔ ዞረች፤
«ያ ድንጋይሽ ዕጣ ያወጣል?» አለች።

ቤዚክን ናዝሬት፣ ቴክኒክ ቤት፣ ግማሽ ዓመት ተምሬአለሁ፤
ቀሪውን ከዚሁ ጓዳ ለቃቅሜአለሁ።
ፊደል ሳልኩለት መጀመሪያ፣ ስምንት በስምንት ነጥብ፣
በሒሳብ ደብተር ላይ፣ ከሥራ መልስ ሳልታጠብ።
ቦታ ቢጠበኝ ሁለቱን «ሰ» አንድ አደረግሁ፤ መሪጌታ አይስሙ፤
የ«ጬ» እግር አልገባ አለኝ፤ በግድ ነው መቆሙ።

ቤዚክ ደግ ሽማግሌ ነው፤ ያነባል መስመር በመስመር፤
የነገሩትን ቃል ደግሞ ይጠይቃል፣ «ምን ነበር?»
አርባ አንድ ስም ለመበወዝ ሦስት ደቂቃ ተኩል።
እኔ ደግሞ ችኩል።

መጽሐፉ ፎቶ ኮፒ ነው፣ ግማሽ ገጹ የደበዘዘ፤
ከቤዚክ ስር ሌላ አፍ አለ ይላል፣ በቁጥር የታዘዘ፤
አሴምብሊ። ሰሙን ገልጦ ወርቁን እንደ ማናገር፤
አስተርጓሚ የለ፣ ቢሳሳቱ ይቅርታ የሌለበት አገር።

መጀመሪያ ክፍል ይለመናል፣ ከሜሞሪው ጫፍ፤
ቤዚክ ይነገረዋል፣ «ከዚህ ወዲያ አትለፍ።»
እኔም እንዲሁ ነኝ፤ በኮምፖንሳቶ በተከፈለ ቤት፣
አልጋ ቁጥር ሰባት፤
ድንበሬ መጋረጃ።
ከዚያ ቁጥሩን አንድ አንድ፣ ፖክ፣ ፖክ፣ ዶሮ እንደምትለቅም ጥሬ፣
እስኪነጋ ሰፍሬ፣ ሰፍሬ፤
የመጨረሻው ሁለት መቶ አንድ ነው፤ ትርጉሙ፣ ተመለስ።

ረሳሁት።

ሳኽር ሄደ፤ የማያውቀውን አድራሻ እየረገጠ፣
ጥሪ አይሰማ፣ ቁልፍ አይመልስ፣ እንደ ስሙ ፈጠጠ።
ካሴት ላይ አልቀዳሁም ነበር። የሌሊቱን ውሃ በላው።
ከአርባ አንዳችን ያ ቁጥር የተረሳባትን አውቃለሁ፤
እቁቧን በሰዓቱ ትጥላለች፤ ስሟን አልፋለሁ።

እንደገና ጻፍኩ።
ሰዓዳ ሳልሚያ ናት፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለው፤
በፎጣ አዝዬው ስወጣ ግብፃዊው ዘበኛ፣ «ማሻአላህ፣ ወንድ ነው?»
ቴሌቪዥኗ ላይ ሰካሁት፤ ካሴቱ እንደ ፌንጣ ጮኸ፤ ቁልፉን ነካች፤
ዓይን ሳይርገበገብ ዘነቡ ወጣች።

ዝም።

«ማን መረጣት?» «ሲበወዝ አላየንም!» «አስቀድሞ የተጻፈ ነው!»
ዘነቡ ራሷ ዲናሩን ገፋ አድርጋ፣ «እኔስ ያየሁት ምኑን ነው?»

ማታ ስምንት ቁጥር ጨመርኩ፤ ከሃምሳ ሺህ ቆጥሮ፣
ለምንም፣ ለማንም፣ ወደ ዜሮ
የሚወርድ።
አሁን ስሞቹ ይንከባለላሉ፤ እያንዳንዷ ስሟን ታያለች፤
ሲያልፋት «ውይ» ትላለች፤
ሰዓዳ ጉልበቷን ይዛ ታያለች፣ እንደ ኳስ ጨዋታ።
ሦስት ደቂቃ ተኩል።
ቫርጌስ በሳቅ ተንከተከተ፦ «ታዲያ ቤዚክ ምን አጎደለ?»
መወልወያዬን አነሳሁ፤ ወለሉ ገና አልተወለወለ።

ከቆጠራው በታች ሁለት መቶ አንድን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት።
አንዱ ትርፍ ነው፤ ማሽኑ አይደርስበትም።
ተውኩት።