አስመጪና ላኪ

አጎቴ ኢድወል፣ የሆሊሄዱ፣
አኮርዲዮን አዳሽ፣ ከወደቡ ቁልቁል መንገዱ፣
አንድ እርሳስ ሽርጡ ኪስ፣ አንድ እርሳስ ከጆሮው፣
ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደብዳቤ ደረሰው።

«ዕቃዎ በእጃችን አለ። እርስዎን ግን አናውቅዎትም።
የጉምሩክ መለያ ቁጥር የሌለው፣ አስመጪ አይባልም።»

ወረቀቱን ገልብጦ አየው፣ ከጀርባው ሌላ ቃል እንዳለ።
ባዶ ነው።
«አያውቁኝም?» አለ።
«በዚህ ወደብ ያለፈ የመርከበኛ አኮርዲዮን ሁሉ
ጉልበቴ ላይ አይደል የዳነው? ባሕሩን ጠይቁ በሉ!»

ድሮማ ዶሪያኖ፣ ከካስቴልፊዳርዶ፣
ጠቅልሎ ይልክ ነበር፣ አሮጌ ጋዜጣ ቀዶ፤
ፖስተኛዋ ደጁን መትታ «ኢድወል፣ ብረትህ መጣ!»
ትለዋለች፤ አበቃ። ጥያቄም የለ፣ ጣጣ።
ዘንድሮ ባሕሩ ያው ነው፤ በር ግን አበጅተውለታል።
በሩም ቁጥር ይጠይቃል።

ማታ ኮምፒውተሬን ይዤ ሄድኩ።
ቅጹ ይጠይቃል፣ እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይመልሳል።
የነስታ ቤብ አኮርዲዮን መደርደሪያው ላይ፣ ሆዱን ተከፍቶ፣
ምላሱን አጥቶ፣
እንደ ተከሳሽ ይሰማል።

«የንግዱ ስም?»
«ስም? ደጁ አረንጓዴ ነው በያቸው።»
ጣቱ ላይ ሰም ነበር፤ ያ የብረቱን ምላስ ከእንጨት የሚያጣብቀው፣
በሰርዲን ቆርቆሮ፣ ከሙጫ ጋር የሚያቀልጠው።
ስም ሲጠየቅ ሰም ያለውን፣ ምን ብዬ ልሙላው?

«ሥራው የተጀመረበት ቀን?»
ዝም አለ።
ሻዩ ቀዘቀዘ።
«እናቴ ያባቴን አኮርዲዮን ለጎረቤት ሸጣው ነበር።
ሌሊት ተነሥቼ ፈታሁት፣ ብሎን በብሎን፣ በስውር።
ገዢው ሲመጣ ወለሉ ሙሉ ብረት ነው። ስቆ ሄደ።
እናቴ ግን አልሳቀችም። ሥራዬ የዚያን ዕለት ተወለደ።»
«ቀኑስ?»
«ዝናብ ነበር።»
ጃንዋሪ አንድ ብዬ ሞላሁ። ቅጹ ደስ ብሎት አለፈ።

«የዕቃው ዓይነት?»
እዚህ ላይ የቋጠሮው ውል ተገኘ፦ ዶሪያኖ፣ ባገሩ ልማድ፣
ምላሱን «ድምፅ» ይለዋል። «ድምፅ፣ ሁለት መቶ አርባ»
ብሎ ጽፎ ልኳል። ኬላው ምን ይግባው፣ ምን ይግባ?
ድምፅ በኪሎ ስንት ነው? የትኛው ፋብሪካ ሠራው?
መርማሪው ሣጥኑን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ይሆን ያዳመጠው?
«ድምፅ ሲቀረጽ እንጂ» አለ አጎቴ፣ «ሲቀረጥ አይቼ አላውቅም»፤
ከሳቁ ብዛት ሻዩ ተደፋ፤ ገና ሳቁ አላለቀም።
እኔም የታሪፉን መዝገብ «ምላስ» ብዬ ብጠይቀው
የበሬ ምላስ አመጣ፣ በረዶ የሠራው።
ወርጄ ወርጄ፣ ከፒያኖ ክርና ከከበሮ ቆዳ መካከል፣
አገኘሁት፦ የሙዚቃ መሣሪያ አካል።

ቁጥሩ ሐሙስ መጣ።
ሁለት ፊደል፣ አሥራ ሁለት አኃዝ፣ መጨረሻው ሦስት ባዶ።
በእርሳስ ጻፈው፣ ከሥራ ጠረጴዛው እንጨት ላይ፣
ከነስታ ስልክ ሥር፣ እንደ ተማሪ አጎንብሶ።
«እንግዲህ አስመጪና ላኪ ነህ» አልኩት።
የተቀደደ ሽርጡን አየ።
«አስመጪውስ ይሁን። ላኪ? ምን አለኝና?»

ሣጥኑ በሳምንቱ ደረሰ፣ ማኅተሙ ተደራርቦ።
መብራት ሥር ቆጠራቸው፣ በጥፍሩ እየነካ፣ ጆሮውን ስቦ።
ሁለት መቶ አርባ አንድ።
የተረፈችውን ለይቶ ያዛት፤ ወፍራም፣ ጎርናና፤
«ይቺ የኔ አይደለችም። የሌላ ሰው ናትና
ትመለስ።»

ቅዳሜ ፖስታ ቤት ተሰለፍን። ኪሱ ውስጥ ነች፣ በጋዜጣ።
«የላኪ ቁጥር አለህ?» አለች ልጅቱ፣ ከመስኮቷ አንገቷን አውጥታ።
ወረቀት አላወጣም። አንድ ባንድ በቃሉ ጠራላት፤
ሦስቱን ባዶ ግን፣ ከዜማ መሐል እንዳለ ዕረፍት፣
ዓይኑን ጨፍኖ፣ በእግሩ እየመታ፣
ቆጠራቸው በዝምታ።