ሰባት ፍሬ

ሩዋን፣ ከወንዙ ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
የማውቀው ክንድ ነው፤ ፊት ብዙም አላይ።
እጅጌ ይጠቀለላል፣ ጥጥ ቆዳ ይነካል፣
መርፌዬ ሲገባ ሰው ግድግዳ ይለካል።

ከወደብ ጎተራ፣ የስንዴ ብናኝ ለብሶ፣
ዜፊራን መጣልኝ ሐሙስ ጠዋት፣ ርሶ።
«ወዴት ነው?» «ባምባሪ።» ካርታዬን ዘረጋሁ፤
መካከለኛው አፍሪካን ቀልሞ አገኘሁ።
ቀይ፣ በእኛ ቢሮ፣ «አትሂዱ» ማለት ነው።
«እናቴ» አለኝ እሱ፣ «ቤቷ ቀዩ ውስጥ ነው።»

ደንብ ነውና ጠየቅሁ።
የምትጠጣው ውሃ? «የኡዋካ ወንዝ።»
ውሻ አለ? «ሞልቷል፤ ሰው ሲሸሽ ጥሎት የሄደው።»
የቅርብ ሐኪም ቤት?
የቢሮዬን ጣሪያ ቀና ብሎ አየና
«ነበረ» አለ፣ «ቆርቆሮው ተነቅሎ ሳይሄድ።»

ቢጫ ወባ በግራ፣ ማጅራት ገትር በቀኝ፤
የእብድ ውሻው ሦስቴ ነው፣ በቀጠሮ ተመላለሰ።
የኮሌራው የሚጠጣ ነው፣ የእንጆሪ ጣዕም አለው፤
አርባ ዓመት የሞላው ሰው ብርጭቆውን ልሶ ሳቀ።

ለወባ ፍሬ ሰጠሁት። «በቀን አንድ፣ ከምግብ ጋር፤
ከተመለስክም በኋላ ሰባት ቀን፤ አደራ፣ ሰባቱን!
ሰው ከአውሮፕላን ሲወርድ የተረፈ ይመስለዋል፤
ወባ ግን ትኬት አትቆርጥም፣
ደምህ ውስጥ ተሳፍራ ትመጣለች።»

በታኅሣሥ መጣ፤ ሦስት ሹራብ ደርቦ፣
ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ ዓይኑ ጠልቆ፣ ተርቦ።
ላቦራቶሪው ደወለ፤ በመስታወቱ ላይ
ቀለበት፣ ቀለበት፣
የማንም ሠርግ ያልሆነ።

«ሰባቱስ?» አልኩት።
«የእህቴ ልጅ» አለ፣ «ሜርቬይ። ስድስት ዓመቷ ነው።
ድልድዩ ከተዘጋ አሥር ቀን ሆኖት ነበር፤
ጤና ጣቢያው ከማዶ፣ እኛ ከወዲህ።
ፍሬውን በምላጭ ለሁለት ከፈልኩት፤
በቀን ግማሽ፣ እንዲበረክት፣ አሥራ አራት ቀን።
ስነሳ ትኩሳቷ በረድ ብሎ ነበር።»

አሥራ አራት ቀን።
መሳቢያዬ ውስጥ ሠንጠረዥ አለ፤
ሳልከፍተው አውቀዋለሁ፦
በእሷ ክብደት ሙሉ ነበር፣ ሙሉ ፍሬ፣ ሦስት ቀን፤
አራት ይተርፍ ነበር።
ግማሹ ግን ወባን ያስደነግጣል እንጂ አያስወጣም።
«ደውለሃል?» «አንቴናው ተቃጥሏል።»
ሠንጠረዡን አልነገርኩትም።
እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ቅጹ ይጠይቃል፦ «መድኃኒቱ አልቋል?»
ሁለት ባዶ ሳጥን፤ አዎ፣ የለም።
እስክሪብቶዬ ቆመ፣ ቆመና
«አዎ» ላይ ወደቀ። አልቋል።

ወደ አልጋ ክፍል በተሽከርካሪ ወንበር ስገፋው
ከኪሱ ቢጫውን ካርድ አወጣ፤ ጠርዙ በላብ ለስልሷል።
«ይሄ ማህተም» አለኝ፣ «ለስንት ዓመት ያገለግላል?»
«ዕድሜ ልክ» አልኩት።
ፍርዱን እንደሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀና
ካርዱን መልሶ፣ በጥንቃቄ፣ ደረት ኪሱ ከተተው።