ቀይ መብራት ላይ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ በዛግሬብ ሐዲድ ላይ፣
ሰማያዊ ትራም ስነዳ በፀሐይ፣
ስነዳ በዝናብ፣ በጉም በበረዶ፣
ከኮረብታው ግርጌ እስከ ሳቫ ማዶ፣
ሰካራም አስወርጄ፣ ሌባ አስደንግጬ፣
ፈርቼ አላውቅም ወንበር ላይ ተቀምጬ።

በሃምሳ አንድ ዓመቴ ፍርሃት ከየት መጣ?
ከመንገድ አይደለም፣ ከራሴው ነው የወጣ።
ማረጥ ነው ይሉታል።
ወር ጠብቆ መጪው እንግዳዬ ቀረ፤
መቅረቱስ ደግ ነው፣ እፎይ ባልኩ ነበረ፤
ግን የጓዳ በሬን መቀርቀሪያ ፈትቶ
ሄደ ከነጓዙ፣ ደህና ሁኚም ሳይል ከቶ።

ሳስነጥስ ጠብ ይላል። ስስቅ ጠብ ይላል።
ደረጃ ስወርድ፣ ሐዲዱ ሲታጠፍ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል።
ዘዴ ያበጀሁ መስሎኝ ውሃ አልጠጣም አልኩኝ፤
ከንፈሬ እስኪሰነጠቅ ደርቄ ነዳሁኝ፤
ጥቁር ሱሪ ገዛሁ፣ ስድስት በአንድ ቀን፤
መንገዱ ሃምሳ ደቂቃ፣ ሽንት ቤቱ ጫፍና ጫፍ፣ መሀሉን እግዜር ይሁነን።

የመጋቢት ማክሰኞ፣ ከሰዓት ዘጠኝ ሆኖ፣
አንድ ልጅ በብስክሌት፣ ጆሮውን በሙዚቃ ደፍኖ፣
ከቆመ መኪና ጀርባ ወጥቶ፣ ዳቦ እየገመጠ፣
ሐዲዱ መሀል ገብቶ ፊት ለፊት አፈጠጠ።
ፍሬኑን ሳብኩት። ብረት ጮኸ። ደወል ነጎደ።
አንድ ክንድ ሲቀር ትራሙ ቆመ፤ ልጁ ተነሥቶ ሄደ።

ተሳፋሪው አጨበጨበ።
«ተነሺ ልቀፍሽ!» አለ አንድ አዛውንት ዓይኑ በዕንባ ርሶ፤
እኔም ርሼ ነበር፤ የኔው ግን ከታች ነው፣ ወንበሩ ጋ ደርሶ።
ፈገግ ብዬ ቀረሁ፤ «ደንቡ አይፈቅድም» አልኩ፤
ልጅ ከሞት ባተረፍኩበት ቀን እንደ ሌባ ተሸማቀቅኩ።

ማታ ጋራዥ፣ ሁሉም እስኪሄድ ስጠብቅ፣
ሊየርካ መካኒኳ መጣች፣ ቅባት የነካው ጨርቋን ይዛ፤
ወንበሩን አየች፤ እኔን አየች፤ ሄደች፤
ተመለሰች አንድ ከረጢት ከቁም ሳጥኗ መዝዛ።
ሱሪ አለ፤ ንጣፍ አለ፣ የወር አበባው ሳይሆን ለዚሁ የተሠራ።
«አራት ዓመቴ ነው» አለች። «ምነው አልነገርሽኝ?» ብላት፣
«አንቺስ?» አለች፤ ሣቅን፣ ሣቅን እስክንፈራ።
«ፍሬን ነው፣ ዝዴንካ፤ ፍሬን ይላላል፤ ፍሬን ይጠብቃል፤
በዚህ ትራም አይጣልም፤ ሰውማ እንዴት ይጣላል?»

እሷ የላከችኝ ሐኪም ለጋ ናት፣ የልጄ እኩያ፤
«ውሃ ጠጪ» አለች፤ «ጥማት አይሆንሽም መከላከያ፤
ወፍራም ሽንት ፊኛን ያስቆጣል። ቡናውን ቀንሺ።
ማስነጠስ ሲመጣ ቀድመሽ ከታች አጥብቂ፤ እንደያዝሽ አስነጥሺ።
ሊፍት ወደ ላይ እንደሚወጣ ሳቢው፤ ትንፋሽሽን ግን አትያዢ፤
ሦስት ወር ፍጂበት፤ በሳምንት ካላየሁ ብለሽ አትተዪ።»
«ጊዜስ ከየት?» ብላት፣ ጥቂት አሰበችና፣
«ቀይ መብራት የለም ወይ፣ በምትሄጂበት ጎዳና?»

አሁን ቀይ ሲበራ አጠብቃለሁ፤ ለቅቄ፣ ደግሞ አጠብቃለሁ፤
ድሮ የምረግመውን መብራት «ትንሽ ቆይ» እለዋለሁ።
ከኋላዬ ስልሳ ሰው ቆሞ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራል፤
ሾፌሯ ሊፍት ይዛ አራተኛ ፎቅ መድረሷን ማን ይጠረጥራል?

ዳንኩ አልልም። ትናንት ድልድዩ ላይ አንዲት ማስነጠስ ቀደመችኝ።
ከታች ሳቫ ይፈስሳል፣ «ያዘው» የሚለው ሳይኖር፤
ቀናሁበት። ሣቄ መጣ።
ሣቄን ግን አጥብቄ ጠበቅኩት፤ ያዘልኝ።

ዛሬ ከማዶ ሌላ ትራም ቆሟል፤ ያድራንካ ናት፣ ያቺ ኩሩ፤
ከንፈሯን ነክሳለች፤ ጉልበቷን ገጥማለች፤
ያን ዝምታ አውቀዋለሁ ከነሥሩ።
ከረጢቱ ቁም ሳጥን ሰባት ውስጥ ነው፤ አይቆለፍም።
ማታ እነግራታለሁ።
መብራቱ ገና ቀይ ነው።