የኖራ መስመር

አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ኖራ ነስንሻለሁ፤
የወተት ጣሳዬን፣ በምስማር በስቻለሁ፤
ገመዴን ወጥሬ፣ ጎንበስ ብዬ ስሄድ፣
መስመር ቀጥ ካላለ፣ የለም መፈራረድ።
በሸዋ በር ሳልፍ፣ «ይመር ኖራው» ይሉኛል፤
እጄ ነጭ ነው ሁሌ፣ ሳሙና ይንቀኛል።

ያን ቅዳሜ ግን፣
የኮሌጆች ውድድር ነው፤ ሆጤ ሜዳ ሞልቷል፤
ጦሳ ጉሙን ደርቦ ቁልቁል ያየናል።
አራት ሴቶች፣ አንድ ዱላ።
አረጋሽ ለጦይባ፣ ጦይባ ለዘውዴ፣ ዘውዴ ለሐያት።
ሐያት የሐርቡ ልጅ ናት፤
ስትሮጥ መሬቱን የምትበደረው እንጂ የምትረግጠው አይመስልም።
ሃያ እርምጃ መርታ፣
ደረቷ ክሩን ሊነካ ሲል
ቆመች።
ከኖራዬ አንድ ጫማ መለስ ብላ።
ዱላውን እንደ ሕፃን መሬት አስተኛችው።

ሦስቱ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።
የደረታቸውን ቁጥር ገለበጡት፤
ከጀርባው በእስክሪብቶ «መርየም» ይላል፤
አራቱም «መርየም»።

መርየም አምስተኛቸው ነበረች።
በአዳራሹ ስብሰባ እጇን አውጥታ
«የታሪክ መምህራችን የት ገባ?» አለች፤
ይኸው ነው፣ ሌላ አልጨመረች።
በሳልስቱ ፍራሿን ተሸክማ መናኸሪያ ታየች።

ሌሎቹ ሯጮች አልፈዋቸው ገቡ።
ወርቁን ያገኘችው ልጅ እንኳ
እጇን ልታነሣ ብላ መልሳ አወረደችው።

ከትሪቡኑ አንዱ ተነሥቶ፦
«የኮሌጅ ቀለቡን፣ ጠግበሽ እየበላሽ፣
ለሩጫ ልከንሽ፣ መቆም ማን አዘዘሽ?»
ከፀሐይ በኩል ደግሞ አንዲት ሴት፣ ድምፅዋ እንደ ሙሾ አውጪ፦
«ሮጠው የማይጠግቡ፣ ቆመው አሸነፉ፤
አፍ ለተዘጋበት፣ እግሮች ለፈለፉ!»
ሳቅ፣ ፉጨት፣ የውሃ ላስቲክ ውርወራ።
ጥቂት ጭብጨባ፤ ቶሎ የሞተ።

ማታ በሙጋድ ታክሲ ውስጥ ወሬው ይኸው ነው።
«መናገርማ መብት ነው» አለች ከፊት ያለችው፣ «ግን በሩጫ መሃል?»
«መብት ነው» አለ ሾፌሩ፣ «ግን እንግዳ ባለበት?»
«መብት ነው» አሉ አንድ ጥምጣም ያሰሩ አዛውንት፣
«ግን ቀስ ተብሎ፤ ግን በሽማግሌ፤ ግን እቤት።»
ከኋላ አንድ ጎረምሳ፣ «ግን ለማን? ለግድግዳ?»
ረዳቱ ሒሳብ ጠየቀ።

እኔ ያንን «ግን» አውቀዋለሁ።
ነጭ ነው፤ ቀጥ ያለ ነው፤ አምስት ጣት ይሰፋል።
ሥራዬ ነው።

የሐያት አባት በሌሊት መኪና ከሐርቡ መጡ።
ሜዳውን ላሳያቸው ወሰድኳቸው።
«ሩጫዋን አውቅ ነበር» አሉ፣ «መቆሙን ማን አስተማራት?»
ይኩሩ ይቆጡ፣ ፊታቸው አልነገረኝም።
ማሽላ አጨዳ ትተው ነው የመጡት፤ ባዶ ማዳበሪያ እጃቸው ላይ ነበር።

ኮሚቴው ጠራኝ።
«መስመሩን ረግጣለች?»
«አልረገጠችም።»
«እርግጠኛ ነህ?»
«ያሰመርኩት እኔ ነኝ።»
ጻፉት። ሌላ አልጠየቁኝም።

ቢጠይቁኝም አልነግራቸውም ነበር፦
ያ ጥቂቱ ሰው ሲያጨበጭብ
እጆቼ ተነሥተው ነበር።
ኖራው ትዝ አለኝ።
ባጨበጭብ ነጭ አቧራ ቦኖ
ከራሴ በላይ ቆሞ ያሳብቅብኛል።
ኪሴ ከተትኳቸው።
ሱሪዬ እስከ ዛሬ ሁለት ነጭ ኪስ አለው።

እሑድ ሌሊቱን ዘነበ።
ሰኞ ጎህ ሲቀድ ጣሳዬን ይዤ ገባሁ፤
መስመር የሚባል የለም፣ ውሃው ወስዶታል።
የሐያት ጫማ ጥርሶች ግን አሉ፣
ስድስት ቀዳዳ፣ ስድስት ጠብታ ውሃ አቁረው፣
መስመሩ ከነበረበት አንድ ጫማ መለስ ብሎ።

ገመዱን ወጠርኩ።
ጣሳውን ሞላሁ።
ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ፤ ትሪቡኑ ባዶ ነው።

አንዴ አጨበጨብኩ።

አቧራው ቦነነ፤ ከአጥሩ ማዶ ውሻ ጮኸ።
ተደናግጬ ጎንበስ አልኩ፣
ምስማሩን የምፈልግ መስዬ።