ስምንት ሜትር

ከሜክሲኮ ዝቅ ብሎ፣ ከባቡሩ መስመር ሥር፣
ሁለት ፎቅና አንድ ሜዳ፣ ዙሪያው የቆርቆሮ አጥር፤
ኮሌጁ ያ ነው። ትንሽ ነው። ከበሩ ላይ ቆመህ ስትጣራ
ይሰሙሃል መዝገብ ቤትም ካፍቴሪያም በጋራ።

«ሜዳው ይታደስ» ሲባል ኖሮ በየስብሰባው ማብቂያ፣
ከ«ልዩ ልዩ» ሥር ተጽፎ፣ ከሻይ በፊት ማሟያ፣
ዘንድሮ በጀት ተገኘ።
እኔም ቀያሽ ሆኜ መጣሁ፣ ባለ ሦስት እግሩን ተሸክሜ፣
ተማሪ ሳለሁ ሁልጊዜ ሁለተኛ በወጣሁበት አፈር ላይ ቆሜ።

ደረጃው ተንዷል። ከጎሉ ጀርባ ሳማ በቅሏል።
ለባቡሩ ድልድይ መጥቶ የተረፈ ቱቦ ወድቋል፤
ውስጡ ድመት ወልዳለች።
ከመልበሻው ግድግዳ ላይ፣ በሰማያዊ ዘይት ቀለም፦
«አራት መቶ ሜትር፣ ሴቶች። ትብለጥ ፈለቀ። ሃምሳ ስምንት ከሁለት።»
ዓመቱ ተልጧል፤ ስሟን ግን የሚያድሰው አለ በየዓመት።

ትብለጥ እዚያው ናት። ሒሳብ ክፍል፣ መስኮት ሦስት።
አምስት ሳንቲም ከጎደለ ቤቷ የማትገባ ሴት።
«ቆጥራችሁ ውሰዱ» ትላለች፣ ከመነጽሯ በላይ አይታ፤
ሩጫ ሲነሣ ብቻ አንገቷ ቀና ይላል ላፍታ።

ሜትሬን ዘረጋሁ፣ ከጠርዙ ሠላሳ ሳንቲ ገባ ብዬ።
ለካሁ። ደገምኩ። ሠለስኩ። ተጠራጠርኩ በመሣሪያዬ።
ሦስት መቶ ዘጠና ሁለት።
ስምንት ሜትር የለም።
አንድ ዙር ሙሉ የምንለው፣ ሙሉ ሆኖ አያውቅም።

ጋሽ ንማኒ፣ የሜዳው ዘበኛ፣ የኖራ ማስመሪያውን ይዞ
(የተበሳሳ የወተት ጣሳ ነው፣ ከዱላ ላይ በሽቦ ተጠምዞ)
ሲያየኝ ቆየና፣
«አገኘሃት?» አለኝ።
«ምኗን?»
«የጎደለችዋን።»

«መንገዱ ሲሰፋ ጊዜ አጥሩን ገፉት ወደ ውስጥ፤
ኩርባዋን በሏት። ለማን ይነገራል? ማንስ ሊሰጥ?
ለዲኑ ነገርኳቸው። ‹እናያለን› አሉ፤ ይኸው እያዩ ነው።
ልጆቹ በማግስቱ መጡ፣ ጫማቸውን አንጠልጥለው።
ኖራዬን አነሣሁ። ኩርባውን ጠበብ አድርጌ አዞርኩት።
አስፋልቱ ነው የበላው ልጄ፤ እኔ ሩጫውን አልነካሁት።»

«ትብለጥ ታውቃለች?»

«ሒሳብ የምትሠራ ሴት ስምንት ሜትር ይጠፋታል?
እኔ አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም።
ስሟን የማድሰው እኔ ነኝ፤ የቀለሙን ብር እሷ ናት የምትሰጠኝ፤
አየህ፣ ያችን ሴት፣ ደረሰኝ አምጣ ብላ አታውቅም።»

መስከረም ሲጠባ ግሬደር ገባ። ቀዩ አፈር ተጭኖ ሄደ፤
የስብርባሪ ወንበሮቹ መጋዘን፣ በግማሽ ቀን ተናደ።
ድመቷ ልጆቿን በአፏ አንድ ባንድ አመላለሰች፣
ከቱቦው እስከ መስኮት ሦስት፤ እዚያው ከመዝገቡ ሥር ቀረች።
ከሞጆ ቀይ ጎማ መጣ፣ ተነጠፈ፣ ሸተተ።
አራት መቶ። ልክ። በፊርማ። በማኅተም ተመተተ።
መልበሻውም በውሉ መሠረት ነጭ ተቀባ፤
ሰማያዊው ስም ከነዓመቱ ከሥሩ ገባ።

እኔ ከውሉ ውጪ ቀለም ቀቢውን፣ «ና» አልኩት፤
ከመጨረሻው መስመር ስምንት ሜትር መልሼ ቆምኩለት።
«እዚህ ጋ አንድ ቀጭን አስምር።»
«ምን ልበላቸው?» አለኝ።
«ከጠየቁህ፣ የኖራ በል።»

ሪባን ሊቆረጥ ዋዜማ፣ ወንበር ሲደረደር አምሽቶ፣
ባቡሩ ከላይ ሲያልፍ ሜዳው በመስኮቶቹ በርቶ፣
ትብለጥ መጣች። ካዝናዋን ዘግታ። ቁልፉ ጣቷ ላይ እንዳለ።
ጫማዋን አወለቀች። መነጽሯን ጫማዋ ውስጥ አኖረች።
ከቀጭኗ መስመር ላይ ቆመች፣ አንድ እግሯን ወደ ኋላ ስባ።
ማንም አላስነሣትም።

ሮጠች።

ስምንት ሜትር ምን አላት? ሳል እንኳ አያስጨርስም።
መስመሩን አልፋ ጥቂት ሄደች፣ ማቆም እንዳቃተው ሰው።
ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች። ወደኛ አላየችም።

ከአዲሱ ደረጃ ላይ ጋሽ ንማኒ ጎነተለኝ፦
«ስንት ገባች?»
«ሰዓት አልያዝኩም።»
«እኔ ይዣለሁ» አለኝ፤ ባዶ የእጁን አንጓ አየና፤
«ሠላሳ አንድ ዓመት፣
ከሃምሳ ስምንት ሰከንድ፣
ከምናምን።»