ወንፊት

ዓሊ በምትባል፣ በባሕሬን መንደር፣
ብርቅ አይደለም ለሰው፣ ከሙታን ጋር ማደር፤
ጉብታው ከቤት ኋላ፣ እንደ ግመል ሻኛ፣
ሥሩ አራት ሺህ ዓመት ያልነቃ እንቅልፈኛ።
ማዳሜ ዶክተር ናት፣ የጥንት ቆፋሪ፣
እኔ ሠራተኛዋ፣ አፈር አበጣሪ።

ወንፊት ዓይኑ ጠባብ፤ ደቃቁን አሳልፎ
እምቢ ያለውን ያዘ፣ ከአፈር አፍ ዘርፎ፦
ቀይ የዶቃ ፍሬ፣ ከሩቅ የመጣ፣
የመዳብ ቢላዋ፣ አረንጓዴ ያወጣ፣
በቅጥራን የተመረገ ሰሌን፣ ክሩ አልቆ ቅርጹን ያላጣ፤
የበግ ጎድን አጥንት ስንቅ የቋጠሩላት፣
ሦስት የተምር ፍሬ፣ ለመንገድ ያሉላት።
ከአንገቷ ሥር ደግሞ፣ ከዛጎል የተሠራ፣
ሁለት ሚዳቋ ያለበት ክብ ማኅተም አበራ።

ማዳሜ አየችና በአጉሊ መነጽር፣
«ሀብታም ናት» አለችኝ፣ «ዕቃ የምታስቆጥር፤
ዶቃው ከኢንዱስ ነው፣ ከባሕሩ ማዶ፣
ማኅተም ያለው ሰው ስሙ አይቀርም ባዶ።»
ጥርሷንም ቆጠረች፦ «ሃያ አልሞላትም።»
እኔ ያየሁት ሌላ ነው፤ ግን አልነገርኳትም።

የማኅተሙ ቀዳዳ ባንድ ወገን ተበልቷል፣
ክሩ እየሞረደው ዓመታት ቆይቷል።
ሣጥን አያውቅም ይሄ። ተኝታ አልፈታችው፣
ስትታጠብ አልፈታችው፣
ማተብ ነው፤ ከነነፍሷ በአንገቷ ያሰረችው።

እንዴት አወቅሽ ብትለኝ፦ የኔን ክር በጥሼ
ነው ባሕር የተሻገርኩ፣ የሰው ስም ለብሼ።
ፓስፖርቴ «ሰሚራ፣ ሃያ ስድስት» ይላል፤
ደብሪቱን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷን፣ ይከልላል።

እኛ አገር ለሙት ሰው ስንቅ አይቋጠርለት፤
አቡጀዲና ሰሌን፣ አፈሩን ያቅልልለት።
እዚህ ወድቄ ብቀር፣ ወንፊት ቢያጣራኝ፣
ምኔን ከምኔ ገጥሞ በማን ስም ይጥራኝ?
የቢጫ ጓንት ጣቶች፣ ሲም ካርድ፣ የጓዳ ቁልፍ፤
«የቤቱ እመቤት ናት» ብሎ ጽፎ ሊያልፍ!
ጥርሴን ካልቆጠረ።
ጥርስ እንኳ ደላላ አያውቅም።

ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። አሸገች ማዳሜ
ማኅተሙን በላስቲክ። «ሰሚራ፣ ውሃ!» አለች፤
አቤት አልኩ፣ ባልሆነው ስሜ።
ከአሸዋው ጆንያ አፍ የመዘዝኳት ሰማያዊ ክር፣
ውሃውን ስቀዳ፣
ጣቴ ላይ ትዞር ነበር።