የግንቡ ወፍ

አባታችን ሲሞት ግቢው ተገመሰ፣
ግንቡ ጡብ በጡብ ላይ ጣሪያችን ደረሰ፤
ወዲያ እህቴ ኤልቪያ፣ ወዲህ እኔ ዞይላ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ያለ ቃል፣ ከጠበቃ ሌላ።

ኪቶ ላይ ኪንዴ ነው፣ ሌላው ሃሚንግበርድ ይለዋል፤
አውራ ጣት ያህላል፣ አየር ላይ ይቆማል፣
ጅራቱ ከገላው እጥፍ ይረዝማል፣
ክንፉ እንደ ሲንጀሬ ያለ ክር ይሰፋል።

ያመጣሁት እኔ ነኝ።
አንድ እጅ ስኳር ላይ ውሃው አራት እጅ፣
ማር ቶሎ ይሻግታል፣ ቀለም ለወፍ አይበጅ፤
ጠርሙሱን በየሦስት ቀን በፍል ውሃ አጥባለሁ፣
ከስፌት የተረፈ ቀይ አዝራር አንገቱ ላይ አስራለሁ።
ሳልቪያ ተከልሁ፣ ፉክሲያ ተከልሁ፣
ጠበቅሁ።
ሲመጣ አበባውን ሁሉ ንቆ ትቶ፣
ከገመዱ ቀይ ካልሲዬን ወጋው ተሳስቶ!

ጉሮሮው ጥቁር ነው። አየሁት፣ ጻፍሁት፣
በቀን መቁጠሪያዬ ጠርዝ «ጥቁሩ» አልሁት።

አንድ ጠዋት ኤልቪያ፣ ከጡቡ ማዶ፣
ለልጅ ልጇ ስታወራ፣ ድምፅዋ ግንቡን ወርዶ፦
«አረንጓዴው መጣ! እይ ጉሮሮውን፣
እንደ ፍም ሲያበራ እይልኝ ደረቱን!»
ቀናሁ። ውርሱ እንደገና የተካፈለ መሰለኝ፤
ለእሷ አረንጓዴው፣ ጥቁሩ ለእኔ ደረሰኝ።

ያውም የእኔው ክፉ ነው። ሌላ ወፍ ሲጠጋ
ጠርሙሱን ሲጠብቅ ይመሻል፣ ይነጋል፣ በምንቃሩ ሲዋጋ።
ችግኝ ሻጯ መከረችኝ፦ «ሁለተኛ ይሰቀል፣
አንዱን ቆሞ ሲጠብቅ ሌላው ከዓይኑ ይከለል።»
ግቢዬን በሜትር ለካሁ፤ ጥግ የለ፣ ከለላ፤
የሚሰወር አጣሁ፣ ከግንቡ ማዶ ሌላ።

ጠርሙሴን ታቅፌ በሯን አንኳኳሁ።
«ለወፉ ነው» አልሁ።
«ለየትኛው?»
«ለጥቁሩ።»
«ጥቁር የለም እዚህ።»

ያኔ በግንቡ ላይ መጣ፣ ከፊታችን ቆመ፤
አንገቱን መለስ ሲያደርግ አረንጓዴው ፋመ፣
ዞር ሲል ጠቆረ፣
መለስ ሲል ነደደ፣
ደግሞ ጠቆረ።

አርባ ዓመት ሙሉ ሐር ቆርጬ ሰፍቼ፣
ሲዞር የሚለወጥ ቀለም ለሙሽሮች መርጬ ሰጥቼ፣
ይህን እንዴት ሳትሁት?

እርቅ አልወረደም፣ ግንቡም አልፈረሰ፤
የወፉም ስም ጉዳይ ከስምምነት አልደረሰ።
ብቻ ጠርሙሱ በየሦስት ቀን መታጠብ አለበት፣
ክዳኑ ጠባብ ነው፣ ሪህ የያዘው ጣቷ መክፈት አቃተው፣
እሄዳለሁ።